ባዶ ተሳቢም ይቆጠራል

አዛውንቱ ኩታበር ተወልደው ያደጉ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። ወጣትነታቸውን በኮምቦልቻና በአሰብ መካከል፣ ጉልምስናቸውን በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች መሪ ላይ አሳልፈዋል። ጠያቂው የእህታቸው ልጅ ነው። ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ይኖራል፤ ለአረፋ አገር ቤት መጥቷል። በቅርቡ ፒካፕ ገዝቷል፤ ተሳቢ ጨምሮበት ከጨረታ የሚገዙ መኪኖችን ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ሊያመላልስ አስቧል። በዚህ ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ስለ ክብደቱ ከሰው ሰው የሚተላለፈው ወሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ብቻ ነው ትክክል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት። ጓደኞቼ “ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ሳታወጣ በተራው መንጃ ፈቃድህ እስከ 26,000 ፓውንድ መጎተት ትችላለህ” ይሉኛል። እውነት ነው?

አዛውንቱ፦ ቁጥሩ እውነት ነው፤ አባባሉ ግን ያሳስታል። “መጎተት” ሲባል የተሳቢው ክብደት ብቻ ይመስላል። 26,000 የተባለው መኪናህና ተሳቢህ ተደምረው ነው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ነድቼ ዛሬም የማስበው በኩንታል ነው፤ 118 ኩንታል ገደማ ይሆናል። በደጃችን የሚያልፈው አይሱዙ ገብስ ጭኖ፣ የራሱ ክብደት ተጨምሮበት፣ እዚያ አይደርስም።

ወጣቱ፦ ይህን ያህል በቤት መኪና መንጃ ፈቃድ መፍቀዳቸው ይገርማል።

አዛውንቱ፦ እዚህ ቢሆን ማን ይሰጥሃል? በእኛ አገር መንጃ ፈቃድ የሚከፋፈለው በመኪናው ዓይነት ነው። አውቶሞቢል አለ፣ ሕዝብ አለ፣ ደረቅ አለ፣ ፈሳሽ አለ። የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1074ም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከነተሳቢው የሚነዳ ሰው ደረጃውን ወጥቶ፣ ተፈትኖ ነው እዚያ የሚደርሰው። በእኛ ጊዜ “5ኛ መንጃ ፈቃድ አለው” የተባለ ሰው ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቀቅለት ነበር። አሜሪካ ገበሬውም፣ ጀልባ ያለውም፣ ቤት የሚቀይረውም ሁሉ የሚጎትትበት አገር ነው፤ ጣሪያውን ከፍ አድርገው ነው የሰቀሉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። መንጃ ፈቃዱ ስለፈቀደለት መኪናው የሚችል፣ እጁም የሠለጠነ ይመስለዋል። እኔ ዛሬ ልነግርህ የምፈልገው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ወጣቱ፦ ሲዲኤሉ ራሱ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?

አዛውንቱ፦ ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ክፍለ ግዛቶች የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ከባዱን ከነተሳቢው መንዳት ይችል ነበር። ደግሞም አንዱ ሾፌር የሦስት የአራት ክፍለ ግዛት መንጃ ፈቃድ ይይዝና ቅጣቱን ያከፋፍለዋል፤ አንዱ ሲታገድበት በሌላው ይነዳል። ይህን ለማስቆም ለሁሉም አንድ መለኪያ አወጡ። ሾፌሮቹ እስከ ኤፕሪል 1 ቀን 1992 ድረስ ፈተናውን አልፈው እንዲይዙት ታዘዘ።

ወጣቱ፦ እሺ፣ 26,000 ድምር ነው። ድምሩ ካለፈ ሁልጊዜ ሲዲኤል ያስፈልገኛል ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ሁለት ጥያቄ ነው የሚጠየቀው፤ ሁለቱም “አዎ” ሲሆኑ ነው ክላስ ኤ የሚባለው ሲዲኤል የሚያስፈልግህ። አንደኛው፣ ድምሩ 26,001 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ነው ወይ? ሁለተኛው፣ ተሳቢው ለብቻው ከ10,000 ፓውንድ፣ ማለት ከ45 ኩንታል ይበልጣል ወይ? አንዱ ብቻ ከሆነ በክላስ ኤ አትያዝም። ለምሳሌ 10,000 የሆነ ፒካፕ 14,000 ተሳቢ ቢጎትት፣ ተሳቢው ከባድ ነው፤ ድምሩ ግን 24,000 ነው፤ ሲዲኤል አይጠየቅም። ተገላቢጦሹን እይ፤ 19,500 የሆነ አነስተኛ የጭነት መኪና 9,990 የሆነ ተሳቢ ቢጎትት ድምሩ ከ29,000 በላይ ይሆናል፤ ግን ተሳቢው 10,000 አልሞላምና አሁንም አይጠየቅም። 9,990 ተብለው የሚሸጡ ተሳቢዎች ገበያውን የሞሉት ከዚያች መስመር በታች ለመዋል ነው። መኪናው ያለ ተሳቢ ለብቻው 26,001 ከደረሰ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ ክላስ ቢ ነው፤ አንተን አይመለከትህም።

ወጣቱ፦ የእኔ ፒካፕ ከኋላ አራት ጎማ ያለው ነው። የሾፌሩን በር ስከፍተው ተለጣፊው ላይ 14,000 ይላል።

አዛውንቱ፦ ጎሽ። ያንን ማንበብህ ግማሽ መንገድ ነው። ስንቱ ነው ዓመት ሙሉ እየነዳ በሩ ላይ ያለውን የማያውቅ! ተሳቢውስ?

ወጣቱ፦ አንድ ሰው 14,000 የሚል ተሳቢ በጥሩ ዋጋ ሊሸጥልኝ ነው። ባዶው ግን 5,000 እንኳ አይሞላም። “መጀመሪያ ቀለል ያለ ጫንበት፤ ሚዛን ላይ ከ26,000 እስካላለፍክ ማንም አይነካህም” አለኝ።

አዛውንቱ፦ ሰውየው ተሳቢ መሸጥ ያውቅ ይሆናል፤ ሕጉን ግን አያውቀውም። ልብ ብለህ ስማኝ። ሕጉ መጀመሪያ የሚያየው የጫንከውን አይደለም፤ ተለጣፊው የሚለውን ነው። ፋብሪካው “ይህ መኪና የራሱ ክብደት፣ ጭነቱና ሰዎቹ ተደምረው ከዚህ አይለፉ” ብሎ የወሰነው ቁጥር አለ። የአንተ 14,000፣ የተሳቢው 14,000፤ ድምሩ 28,000። ተሳቢውም ከ10,000 በላይ ነው። ሁለቱም ጥያቄ “አዎ” ሆነ። ለሥራ ስትጎትተው ተሳቢው ባዶውን ቢሆን እንኳ ሲዲኤል ያስፈልግሃል። ፖሊሱ ሚዛን ማምጣት አያስፈልገውም፤ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ተለጣፊ አንብቦ፣ ደምሮ ጨረሰ። መኪናህን እዚያው ያስቆምሃል፤ ሲዲኤል ያለው ሰው መጥቶ እስኪያነሳልህ ድረስ መንገድ ዳር ነህ።

ወጣቱ፦ ወላሂ ይህን ማንም አልነገረኝም! እንግዲያው በተለጣፊው 26,000 ላይ ካረፍኩ በኋላ እንደፈለግኩ ብጭን ሲዲኤል አልጠየቅም ማለት ነዋ?

አዛውንቱ፦ ያም አያስኬድም። ሕጉ ከሁለቱ ትልቁን ነው የሚወስደው። ተለጣፊው ትልቅ ከሆነ ተለጣፊውን፣ በእውነት የጫንከው ክብደት ትልቅ ከሆነ ጭነቱን። 12,000 የሚል ተሳቢ ብትገዛ 14,000 እና 12,000 ልክ 26,000 ነው፤ መስመሩ ላይ ቆምክ። ግን ተሳቢው ላይ አብዝተህ 13,500 ካደረስከው ቁጥርህ 27,500 ሆነ። በአንድ ጊዜ በሁለት ነገር ትያዛለህ፦ ከአቅም በላይ በመጫንና ያለ ሲዲኤል በመንዳት። ሻጩ “ተለጣፊውን ዝቅ አድርጌ ልቀይርልህ” ቢልህም እሺ እንዳትል። መለያውን የሚለጥፈው የሠራው ፋብሪካ እንጂ ሻጭ አይደለም።

ወጣቱ፦ 12,000ው ተሳቢ ስንት መኪና ያወጣልኛል?

አዛውንቱ፦ ተሳቢው ባዶውን ስንት እንደሚመዝን ትጠይቃለህ። 4,500 ነው እንበል። ለጭነት 7,500 ይቀርሃል። ሁለት ትናንሽ የቤት መኪና፣ እያንዳንዱ 3,300 ቢሆን 6,600 ነው፤ ሰንሰለቱና ማሰሪያው ተጨምሮም ይሄዳል። ሁለት ትልልቅ መኪና፣ እያንዳንዱ 4,500 ቢሆን ግን 9,000 ነው፤ በ1,500 አለፍክ። እንግዲህ የጨረታው ደላላ ሲደውልልህ የመኪናውን ዓይነት ሳትጠይቅ “እመጣለሁ” አትልም። ገቢህ የሚሰላው በዚህ ነው። ብዙዎች ፒካፑን በብድር ገዝተው፣ ሂሳቡን በሦስት መኪና አስልተው ይገቡና ሕጉ ሁለት ብቻ ሲሆንባቸው ዕዳው ያስጨንቃቸዋል፤ ከዚያ ነው ማብዛት የሚጀምሩት።

ወጣቱ፦ እኔ ኩባንያ የለኝም፣ አንድ ሰው ነኝ። “ኮሜርሻል” የሚለው እኔን ይመለከተኛል?

አዛውንቱ፦ ገንዘብ ከተቀበልክ ይመለከትሃል። ኩባንያ መሆንህ ሳይሆን ሥራው ነው የሚታየው። የራስህን ዕቃ፣ የራስህን ጀልባ ለመዝናኛ የምትጎትት ከሆነ የፌዴራሉ የሲዲኤል ሕግ አይነካህም። እዚያም ቢሆን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ አመል አለው። ቴክሳስ ከ26,000 በላይ ለሆነ፣ ንግድ ላልሆነ ጉተታ ለብቻው የተዘጋጀ ክላስ ኤ መንጃ ፈቃድ አላት። ካሊፎርኒያ ደግሞ ድምሩን ሳትጠብቅ ተሳቢው ከ10,000 ሲያልፍ በተራው መንጃ ፈቃድ አትለቅህም። ገበሬዎችም ከእርሻቸው እስከ 150 ማይል ድረስ ክፍለ ግዛታቸው ከፈቀደ ነጻ ናቸው። አንተ ግን ገበሬ አይደለህም፤ ልትነግድ ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ 12,000ውን ገዝቼ ከሲዲኤል ከዳንኩ ሌላ የሚጠይቀኝ የለም አይደል?

አዛውንቱ፦ አለ እንጂ! ከሲዲኤሉ በታች ሌላ መስመር አለ፤ 10,001 ፓውንድ። ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት እየተሻገርክ ለንግድ የምትነዳው ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲዲኤል ባያስፈልግህም በሕጉ ዓይን የንግድ ሾፌር ነህ። ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የዲኦቲ ቁጥር ታወጣለህ፤ ለሌላ ሰው በክፍያ ስለምትጭን የማጓጓዣ ሥራ ፈቃዱንም ታወጣለህ። ሐኪም መርምሮህ የጤና ካርድ ትይዛለህ። ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ 14 ሰዓት ይሰጥሃል፤ በዚያ ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ አትነዳም፤ ሰዓቱን የሚመዘግበው መሣሪያ መኪናው ውስጥ ይገጠማል። መኪናውም ተሳቢውም በየዓመቱ ይመረመራሉ። ዕድሜህ 21 መሙላት አለበት፤ አልሐምዱሊላህ አንተ አልፈኸዋል። ኢንሹራንሱ ነው ከሁሉ የሚከብደው፤ ለኃላፊነት ቢያንስ የ750,000 ዶላር ዋስትና ነው የሚጠየቀው። የቤት መኪና ኢንሹራንስህን ይዘህ ብትወጣና አደጋ ቢደርስ ኩባንያው “ለንግድ እንደምትነዳ አልነገርከኝም” ብሎ ሊተውህ ይችላል።

ወጣቱ፦ እንግሊዝኛውስ? ሰሞኑን ብዙ ይወራል።

አዛውንቱ፦ እሱም እውነት ነው። ሕጉ ድሮም ነበረ፤ ከጁን 25 ቀን 2025 ወዲህ ግን ተቆጣጣሪው በእንግሊዝኛ ጠይቆህ መመለስ ካቃተህ፣ የመንገድ ምልክት ማንበብ ካልቻልክ ከመንገድ ያወጣሃል። ሲዲኤል ለያዘው ብቻ አይደለም፤ በ10,001 መስመር ውስጥ ላለውም ነው። አንተ አብሽር፤ ትምህርቱን እዚያው ስለጨረስክ አያሳስብህም። አብረውህ የሚሠሩትን ግን ንገራቸው። ቋንቋው እስኪሻሻል ቤት ውስጥ መለማመድ ይሻላል፤ መንገድ ላይ ሲደናገጡ የሚያውቁትም ይጠፋቸዋል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እዚህ ኮምቦልቻም ሚዛን አለ አይደል? ያም እንዲሁ ተለጣፊ ያያል?

አዛውንቱ፦ የእኛው ሚዛን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ አክስል መሬት ላይ ስንት አሳረፈ ነው የሚለው። የኋላ ነጠላ አክስል 10 ቶን፣ የፊቱ 8 ቶን ነው ወሰኑ። የሚጠብቀው መንገዱን ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢሊኖይ ውስጥ መንገድ ሠርተው፣ የተለያየ ጭነት የያዙ መኪኖች ሌት ተቀን እያመላለሱ ፈትነው ነበር። የተገኘው ውጤት ጉዳቱ ከክብደቱ ጋር እኩል እንደማያድግ ነው፤ በአራተኛ ርቢ ያድጋል። 10 ቶን ማረፍ በነበረበት አክስል ላይ 12 ቶን ብታሳርፍ ክብደቱን የጨመርከው በአንድ አምስተኛ ነው፤ መንገዱን የምትጎዳው ግን እጥፍ አድርገህ ነው። የአሜሪካ መንገዶችም የአክስል ሚዛን አላቸው፤ በአንተ መኪና ግን አስቀድሞ የሚያስይዝህ ተለጣፊው ነው።

ወጣቱ፦ እሺ። በወረቀት በኩል ገባኝ። በ14,000ው ፒካፕ 12,000 ተሳቢ እጎትታለሁ፤ ሕጋዊ ነኝ።

አዛውንቱ፦ በወረቀት አዎ። አሁን ወደ ሐረጎ ቁልቁለት እንውረድ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የምትወርደው ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይዘን ከደሴ ስንነሳ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነበር በከባድ ማርሽ የምናስገባው። ጀማሪው “ለምን? መንገዱ እኮ ገና ሜዳ ነው” ይላል። ፍጥነቱ ካየለ በኋላ ማርሽ አይገባልህም፤ ለዚያ ነው።

ወጣቱ፦ የዛሬ ፒካፕ ፍሬኑ ጠንካራ ነው፣ ጋሼ።

አዛውንቱ፦ ፍሬን ምን እንደሚሠራ እንይ። ፍሬን እንቅስቃሴን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። አንተ 26,000 ፓውንድ ይዘህ 600 ሜትር ስትወርድ የሚፈጠረውን ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ብትቀይረው አንድ ሙሉ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ ያልፋልም። ከፊሉን ንፋሱና ጎማው ይወስዱታል። በከባድ ማርሽ ከወረድክ ትልቁን ድርሻ ሞተሩ ይይዝልሃል። በዜሮ ማርሽ ወይም በቀላል ማርሽ ከወረድክ ግን ያ ሙቀት ሁሉ ሄዶ የሚያርፈው እጅህን በምታክል የፍሬን ሸራ ላይ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል። እግርህን ትረግጣለህ፣ ፔዳሉ አለ፣ መኪናው ግን አይሰማህም። ጭሱን የምታየው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተር ፍሬን ያለው ናፍጣ ፒካፕ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ተጠቀምበት።

ወጣቱ፦ ተሳቢውም የራሱ ፍሬን አለው።

አዛውንቱ፦ ሊኖረው ይገባል። ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ከ3,000 ፓውንድ ጀምሮ ያስገድዳሉ፤ ካሊፎርኒያ ከ1,500። የእኛዎቹ ትልልቅ ተሳቢዎች በአየር ነው የሚይዙት፤ የአንተ ዓይነቱ በኤሌክትሪክ ነው። ጋቢና ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ለክብደቱ መስተካከል አለበት፤ ለባዶ ያስተካከልከው ለሙሉ አይሆንም። ሁልጊዜ ከመነሳትህ በፊት ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ እየሄድክ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅህ ያዘው፤ ወደ ኋላ ሲጎትትህ ካልተሰማህ አትነሳ። ተሳቢው ቢበጠስ በራሱ የሚይዝበት ትንሽ ባትሪም አለ፤ ብዙ ሰው ገዝቶ ረስቶት ባትሪው ሞቶ ይገኛል። አበላሸሁ የሚሉት ሁሉ ከእነዚህ አንዱን የዘለሉ ናቸው።

ወጣቱ፦ አንዳንዴ አውራ ጎዳና ላይ ተሳቢ ግራና ቀኝ ሲዋዥቅ አያለሁ። ያ ከምን ይመጣል?

አዛውንቱ፦ ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዶ ነው። ተሳቢው የሚያያዝበት መንጠቆ ተራ ሂች ከሆነ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶው ሂቹ ላይ መጫን አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ጅራቱ ይከብደውና ንፋስ ሲመታው፣ ከባድ መኪና ሲያልፍህ መዋዠቅ ይጀምራል። ሲዋዥቅ የመኪናህን ፍሬን አትርገጥ፤ ነዳጁን ልቀቅ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ያዝ። ሁለቱን መኪና ስትጭን ከባዱ የቱ ጋ እንደሚሆን፣ ሞተሩ ወደየት እንደሚዞር አስብ። ያ ሂቹ ላይ ያረፈው ክብደት ደግሞ የፒካፕህ ጭነት ሆኖ ይቆጠራል። 12,000 ተሳቢ 1,500 ፓውንድ ሂቹ ላይ ቢያሳርፍ፣ አንተ፣ ጓደኛህ፣ መለዋወጫው፣ ናፍጣው ተደምሮ ፒካፑ 14,000ውን እንዳያልፍ ማየት አለብህ። የሂቹም የራሱ አቅም ተጽፎበታል፣ የጎማውም ተጽፎበታል። መንጃ ፈቃድህ፣ ፒካፑ፣ ተሳቢው፣ ሂቹ፣ ጎማው፤ አምስት ቁጥር አለህ። የምትጭነው በትንሹ ልክ ነው።

ወጣቱ፦ እኛ ዴንቨር ዙሪያ የምንወርደውስ ከሐረጎ ይብሳል?

አዛውንቱ፦ ይብሳል። የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ ዴንቨር 1,600። ከዋሻው ወደ ከተማ የምትወርደው የሐረጎን ሦስት እጥፍ ነው። እዚያው አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2019 የሆነውን አልሰማህም? እንጨት የጫነ ከባድ መኪና ከተራራው ሲወርድ ፍሬን አጣ። ተራራው ላይ ፍሬን ላጣ መኪና የተዘጋጀውን የማምለጫ መውጫ አልፎት ወረደ፤ ታች ሌክዉድ ላይ መንገድ ተዘግቶባቸው በቆሙ መኪኖች ላይ ገባባቸው። አራት ሰው ሞተ። ሾፌሩ የ23 ዓመት ልጅ፣ ስደተኛ ነበር። 110 ዓመት ተፈረደበት። ሕዝብ ጮኾ፣ አገረ ገዥው ጃሬድ ፖሊስ በዲሴምበር 2021 ወደ 10 ዓመት አወረዱለት። ልጁ ሲዲኤል ነበረው! ወረቀቱ ሙሉ ነበር። እኔ ያንን ፍርድ የሰማሁ ለት የሟቾቹም የልጁም እናት ዕንባ ነው የታሰበኝ። ለዚህ ነው “ሲዲኤል አያስፈልግም” ሲሉህ ደስ ብሎህ እንዳየሁህ የደነገጥኩት። ሲዲኤል ያወጣ ሰው ቢያንስ ስለ ፍሬን፣ ስለ ቁልቁለት ተምሮ ተፈትኗል። አንተ ግን ማንም ሳይፈትንህ 118 ኩንታል ይዘህ ወደ ተራራ ልትወጣ ነው።

ወጣቱ፦ …ታዲያ ሲዲኤሉን ራሱን ላውጣ ነው የሚሉኝ?

አዛውንቱ፦ እኔ አውጣ ነው የምለው። ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ለአዲስ አመልካች ትምህርቱ ግዴታ ነው፤ በተመዘገበ ማሠልጠኛ ንድፈ ሐሳቡንም መንዳቱንም ትማራለህ። ገንዘብ ያስወጣል፣ ሳምንታት ይወስዳል። ግን ከዚያ በኋላ የ14,000ውን ተሳቢ ትገዛለህ፤ ሦስተኛ መኪና ብትጭን እንኳ የምትጨነቀው ስለ አቅሙ ብቻ ነው፤ ነገ ደግሞ ፒካፑ ቢያንስህ ትልቁን ትነዳለህ። አሁን አቅም ከሌለህ በ12,000ው ጀምር፣ በሁለት ትናንሽ መኪና፣ መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን ወደ ካንሳስ በኩል። ተራራውን ባዶህን ጥቂት ጊዜ ወጥተህ ውረደው። ከባድ መኪኖች የሚያርፉበት ቦታ ካት ስኬል የሚባል ሚዛን አለ፤ ጥቂት ዶላር ከፍለህ የፊቱን፣ የኋላውን፣ የተሳቢውን ክብደት ለየብቻ በወረቀት ይሰጥሃል። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ሁሉ ተመዘን። ዓይንህ እስኪለምድ ድረስ በዓይን አትገምት።

ወጣቱ፦ ለንደን ያለችው የአጎቴ ልጅም ባሏ ተሳቢ ሊገዛ ነው። የነሱም እንደኛው ነው?

አዛውንቱ፦ የነሱ ጠበቅ ያለ ነው። የአውሮፓው ተራ መንጃ ፈቃድ፣ ቢ የሚባለው፣ 3,500 ኪሎ መኪና ላይ 750 ኪሎ ተሳቢ ነው የሚፈቅደው፤ ተሳቢው ከዚያ ከበለጠ ድምሩ 3,500 ማለፍ የለበትም። ተጨማሪ ሥልጠና ከወሰደ 4,250 ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ቢኢ የሚባለው ነው። እንግሊዝ ግን ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 ጀምሮ ፈተናውን አንስታ ለቢ መንጃ ፈቃድ እስከ 3,500 ኪሎ ተሳቢ ፈቅዳለች። ለባሏ የምለውም ያው ነው፤ ፈተናው ተነሳ እንጂ ቁልቁለቱ አልተነሳም። የመኪናውን የመጎተት አቅም መጽሐፉ ላይ ያንብብ።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ለሻጩ ምን ልበለው? 14,000ውን ቅዳሜ ውሰድ ብሎኛል።

አዛውንቱ፦ አሁን እዚያ ሌሊት ነው፤ ሲነጋ ደውልለት። 14,000ውን ሲዲኤል ሳላወጣ አልወስድም በለው። 12,000 ካለው ሦስት ነገር ጠይቀው፤ ባዶው ስንት ይመዝናል፣ ፍሬኑ በሁለቱም አክስል ላይ አለ ወይስ በአንዱ፣ ጎማዎቹ የተሠሩት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው።

ወጣቱ፦ በስልክ የሚነግረኝን አምኜ ልግዛ?

አዛውንቱ፦ ኧረ አይሆንም። ተሳቢው ፊት ላይ በግራ በኩል የተለጠፈውን ሰሌዳ፣ ክብደቱና ቁጥሩ በግልጽ እንዲነበብ አድርጎ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ፎቶውን እስክታየው ድረስ ቀብድ እንዳትልክ።